ቱቦዋ እስክትመለስ

ልጄ፣ በወጣሽበት እግር በሰላም ይመልስሽ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

አባትሽ በጣም ከስቷል፤ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስቷል። አልትራሳውንድ ሲነሳ ቆሽቱ ላይ እብጠት ቢጤ ታየ፣ ምንነቱ ግን አልለይ አለ። ሐኪሙ በአፍ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አልትራሳውንድ ያለው ቱቦ አለ አሉን። ጨጓራ ድረስ ወርዶ ቆሽቱን ከቅርብ ያያል፣ በመርፌም ናሙና ይወስዳል። ደስታዬን ሳልጨርስ፣ ያለችው አንዷ ቱቦ ተበላሽታ ለጥገና ውጭ አገር ተልካለች፣ ሦስት ሳምንት ጠብቁ አሉ። በሷ መሥራት የሚችሉትም እኚሁ ሐኪም ብቻ ናቸው። አባትሽ፣ "እኔ የተከለከልኩትን ቪዛ ቱቦዋ አገኘች" ብሎ ነርሷን አሳቃት።

ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ሆነ። "ቀደው ይዩኝና ይለይልኝ" ይላል። ሐኪሙ፣ "ምናልባት ቢላ የማያስፈልገው ቢሆንስ? ሳናውቅ አንቀድም" ቢሉት፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ለሰኞ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ አስይዟል። እኔ ስናገር ጭቅጭቅ ይለዋል። ቁጭ ብድግ ስል እውላለሁ፤ ዛሬ አንዱን ሸሚዝ ሁለቴ ተኮስኩት።

ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ከሰኞ በፊት ደውዪለት፣ መጻፌን ግን አታንሺበት። "ጠብቅ" አትበይው፣ ትእዛዝ አይወድም፤ "ጠብቅልኝ" በይው።

ለሱም ለኔም ያቆይሽ።

እናትሽ