የማር ዋጋ በቅል

ቅዳሜ

ይኸው ጉድ! «አንድ ቅል ማር ከሁለት ብር በላይ አይሸጥም» የሚለውን ትእዛዝ በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ጸሐፊው ነኝ። የቅሉን መጠን መጻፍ ግን አለቃዬም ረሱ፣ እኔም ረሳሁ። ዛሬ የያዮ ሰዎች ጡጫ የምታህል ቅል እየያዙ መቱ ገበያ ወጡ። «ይኼ ቅል አይደለም?» ይሉኛል። ቅል ነው! ምን ልበል? ጠላት ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ገበያ አላየሁም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤቴ አስካለ ጀመረችኝ። የልጃችን ሠርግ ለጥር ነው፤ ጠጁ ሰሞኑን ካልተጣለ አይደርስም። ጌሾ አለ፣ ጋኑ ታጥኗል፣ ማር የለም። «ትእዛዝህን በጥብጠህ አጠጣቸዋ!» አለችኝ።

ሰኞ

አለቃዬ መላ አገኙ፦ ናሙና ቅል ቢሮው በር ላይ ይሰቀል፣ ከዚያ ያነሰ ይወረስ።

«ጌታዬ፣ ዋጋውን ለገዢና ለሻጭ ብንተወውስ? ማሩ ሲበዛ ራሱ ይረክሳል» አልኳቸው።

«ነጋዴ ከለቀቁት ሕዝቡን ይገፋል» አሉ።

ሰቀልኩ።

ረቡዕ

ማር ይዞ የመጣ የለም። አንድ ሰው እንኳ! ሁሉም ወደ ጎሬ ገበያ አልፏል አሉ። ደሜ ፈላ።

ሐሙስ

ፈቃድ ጠይቄ በእግሬ ሶር ወንዝ ድረስ ወረድኩ። ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ ባለ ቀፎ ሽማግሌ ማር አላቸው። ስለ ትእዛዙ ላነሳ ስል «ወረቀትህን ተወውና ስንት ትሰጠኛለህ?» አሉኝ። ተከራከርን፣ ተሳሳቅን፣ ቅሉን በአራት ብር ተስማማን። እሳቸውም ደስ አላቸው፣ እኔም። ገበያ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

ሦስት ትልልቅ ቅል ተሸክሜ ስመለስ ከተማው መግቢያ ላይ ዘበኛው ያዘኝ። «ጋሼ፣ በስንት ገዙት?» ሲለኝ መዋሸት አቃተኝ። እኔ ሞኙ!

ዓርብ

ማሩ ተይዞ ቢሮ ጥግ ተቀምጧል። ክስ ይጻፍ ተባለ። ከእኔ በቀር ጸሐፊ የለም፤ ከ«ተከሳሽ» ቀጥሎ ስሜን ራሴ ሞላሁ። ኧረ በሕግ አምላክ! ላቤ ጠብ እያለ ለአለቃዬ ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ተነሥተው በሩን ዘጉ። ስድቡን ስጠብቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኒህ ማሩን የሸጡልህ ሰውዬ ሌላ ማር ይኖራቸው ይሆን? እኛም ቤት ክርስትና አለ» አሉኝ።

ክሱን አልፈረሙበትም፣ አልቀደዱትምም። ነገ ግን አብረን ሶር እንወርዳለን።