የደምሌ ኪንታሮት

ነሐሴ 9 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ቆቦ

ሰገራው ላይ ደም የታየበት ሰው ሁሉ ከረሃብተኞቹ መጠለያ እንዲወጣ ታዟል፤ ተቅማጡ እንዳይዛመት።

ዛሬ ጠዋት ዘበኛው ደምሌ የሚባል የጎብዬ ገበሬ ከሜዳ ይዞ ክሊኒክ አመጣልኝ። ሱሪው ላይ ደም አለ። መረመርኩት። ተቅማጥ የለበትም፤ እንዲያውም ሆዱ ደርቋል።

«ምን በልተህ ነው?»

«በለስ ነዋ ሐኪም! ሌላ ምን አለ? ከነፍሬው እውጠዋለሁ። ከዚያ እንደ ወላድ ማማጥ ነው።»

ኪንታሮት ነው። ውሃ አብዝተህ ጠጣ፣ ጎመን ብላ፣ አታምጥ፣ ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዘፍ አልኩት።

«ጎመኑን ከርስዎ ጓሮ ልቁረጥ?» አለኝ። ዘበኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ካልመሰከርኩለት ከነልጆቹ ስለሚያስወጡት ይዤው ወደ መጠለያው ኃላፊ ሄድኩ።

«ይሄ በሽታ አይተላለፍም» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ጤነኛ ነው። የሚሞተው በዝቶብናል፤ ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር ይግባ። ለቆፋሪ አንድ ጣሳ ዱቄት ይጨመራል።»

ከባድ ሥራ ደሙን እንደሚያባብስበት ልነግረው ስል ደምሌ ቀደመኝ።

«እቆፍራለሁ ጌታዬ! ዶማ ከልጅነቴ የያዝኩት ነው።»

ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ እናገር ነበር? እንጃ። ኃላፊው ዶማ እንዲሰጡት አዘዘ።

«ሌላስ?» አለኝ። ለክሊኒኩ ሳሙና ልጠይቀው ነበር። ሳልጠይቀው ወጣሁ።