የሁለት ቤት ግድግዳ

ሰኞ፣ መጋቢት 12፣ ሚካኤል

ተሰነጠቀ። ከጣሪያው ሥር እስከ መደቡ ድረስ። ጣቴን ከትቼ አየሁት፤ ይገባል። ቅዳሜ ዕለት ክር የሚያህል ሆኖ አይቼው ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። መናገር ስለሚከብደኝ ብቻ አይደለም። ዝም ካልኩት መልሶ የሚገጥም መስሎኝ ነው።

አንድ ጣሊያን ነጋዴ ከጓሯችን የድንጋይ መጋዘን ሊሠራ መሠረት ያስቆፍራል። ጉድጓዱ ከእኛ አንድ እርምጃ አይርቅም። ዛሬ ሚካኤል ሆኖ እንኳ ዶማው አላረፈም።

ግድግዳው የእኛ ብቻ አይደለም። ወዲያ ማዶው የጋሽ ሙዘይን ቤት ነው። አባዬና እሳቸው ናቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱን ቤት የሠሩት። ከመካከል ያለው ምሰሶ የሁለታችንንም ይሸከማል። ጠዋት እሳት ሲጠፋብን እናቴ ግድግዳውን ሁለቴ ታንኳኳለች፤ የጋሽ ሙዘይን ሚስት እትዬ ዘይነባ ፍም ይዛ ትመጣለች። እነሱም ሲጠፋባቸው እንዲሁ።

ከሰዓት በኋላ ጣሊያኑ መጣ። ስንጥቁን በከዘራው ነካ ነካ አደረገ። አስተርጓሚው እናቴን፣ «ሴትዮ፣ እስከ ሰኞ ካልተጠገነ ሁለቱንም ቤት አፈርሳለሁ፣ መጋዘኔ ላይ ይወድቅብኛል ነው የሚለው» አላት።

«የቆፈረው እሱ፣ የምንፈርሰው እኛ!» አለች እናቴ።

አስተርጓሚው ይህን ለጣሊያኑ አልተረጎመለትም።

የምጽፍበት ወረቀት የዚያው መጋዘን የሲሚንቶ ከረጢት ነው። ንፋስ ያመጣልኛል፤ አራግፌ እቆርጠዋለሁ። የኔታ ዘንድ ፊደል ለይቼ ዳዊት ሳልጨርስ ነው የቀረሁት። እጄ እንዳይረሳ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ

ጋሽ ሙዘይን በራሶን አመጡ። ከቡሌ ደጋ ቀርከሃ እያወረደ ቤት የሚሠራ የጌዴኦ ሰው ነው። ምሰሶውን በመጥረቢያ ጀርባ መታ፣ ጆሮውን ለጠፈበት፣ ከሥሩ አፈሩን ጫረ። ምስጥ ወጣ።

«እማማ፣ ግድግዳ ምንም አይደለች፤ እሷን እኔ እሠራለሁ። ይሄ ምሰሶ ግን ውስጧ አልቋል። ካልወጣ ሁሉም ትወድቃለች።»

«አይወጣም» አለች እናቴ።

የተከለው አባዬ ነው። ጣሊያንን ሊወጋ ወደ ገናሌ ሲዘምት ጋቢውን ምሰሶው ላይ ባለው ችካል ሰቅሎ፣ «ስመለስ እለብሰዋለሁ» ብሎ ሄደ። ሁለት ዓመት አልፎታል። እናቴ በየወሩ ታጥበዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። ጋሽ ሙዘይንም በበቅሎዎቻቸው ስንቅ ጭነው አብረው ነበር የሄዱት። ብቻቸውን ሲመለሱ «መንገድ ላይ ተለያየን» አሉን።

«ባለቤቱ በሕይወት እያለ የተከለውን ሌላ አይነቅለውም» አለች እናቴ። «ሲመጣ ራሱ ይለውጠው።»

ጋሽ ሙዘይን ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ለአንድ አሞሌ ጨው ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ዛሬ በራሶን አስከትለው ወጡ።

ረቡዕ

ጭቃ ጀመርን። ጭዱን ነስንሰን፣ ውኃ አፍስሰን፣ በእግር መርገጥ። ሦስት ቀን ካልቦካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል ይላል በራሶ።

እትዬ ዘይነባ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። «አስኩ፣ እንዲህ ቀስ ብለሽ ከረገጥሽውማ ጭቃው ሳይቦካ ትዳሪያለሽ!» ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ድምፄ ተሰማ። ትንሹ ወንድሜ ጭቃ በላ።

ያለንና የጎደለን፦
ቀርከሃ፣ መጥቷል።
ጭድ፣ ይበቃል።
አዲስ የጥድ ምሰሶ፣ መጥቷል። እናቴ እንዳታየው በጋሽ ሙዘይን ደጅ ተጋድሟል።
የእናቴ እሺታ፣ የለም።

ዓርብ፣ ኪዳነ ምሕረት

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጋቢውን አጠበች። ወሩ ገና አልሞላም ነበር። «በሕልሜ አየሁት» አለችኝ። «እግሩ ጭቃ በጭቃ ነው። ሊደርስ ነው መሰለኝ።» ፊቷ በርቶ ነበር። እንዲህ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ማምሻውን ጋሽ ሙዘይን በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «አስኩ፣ ነገ ረፋድ ላይ ግድግዳውን እንሠራለን ያልነው ቀርቷል። ጣሊያኑ ጠዋት ድንጋይ ያራግፋል፣ መንገዱን ይይዝብናል። ሳይነጋ እንመጣለን። ለእናትሽ ንገሪያት፤ የምሰሶውን ነገር እዚያው እንለምናታለን።»

እሺ አልኩ። ገብቼ ጋቢውን ችካሉ ላይ ስታሰጣ አየኋትና ተውኩት። ጠዋት እነግራታለሁ።

ቅዳሜ

አልነገርኳትም። ቀድማኝ ተነሣች።

በሩን ስትከፍት ደጁ ላይ ሰው ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ከፊት። ብርድ ስለነበር ሁሉም እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ሕፃኑን እንዳይቀሰቅሱ ማንም አያወራም። ዶማውንና ቅርጫቱን ከአጥሩ ውጭ ነው የተዉት፤ አላየችውም። ሰው ሳይነጋ እንዲህ ሆኖ ደጅ የሚቆመው መርዶ ሲያረዳ ብቻ ነው።

«መጣችሁብኝ!» ብላ ጮኸች። «ወየው፣ መጣችሁብኝ!» ደረቷን ትመታለች።

«እማዬ፣ ለጭቃው ነው» ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ። እነሱ ይሉላታል ብዬ አየኋቸው። እትዬ ዘይነባን አየሁ። ለመናገር ማንም የማይቀድማት ሴት መሬት መሬቱን ታያለች። ሽማግሌዎቹም መሬቱን። ሰባት ስምንት ሰው ቆሞ አንድ እንኳ «ለጭቃው ነው የመጣነው» የሚል ጠፋ።

ያኔ ገባኝ።

ጋሽ ሙዘይን በጉልበታቸው ወደቁ። «ወርቄ፣ በእጄ ነው የቀበርኩት። ገናሌ ዳር፣ ከግራር ሥር። ቄስ አልነበረም፣ የማውቀውን ዱዓ ነው ያደረግኩለት። ስመለስ ወርሽ ገብቶ ነበር። ከወለደች በኋላ እናርዳት ስንል ጣሊያን ገባ። ከዚያ ወዲያ ጋቢውን ስትሰቅይ ባየሁ ቁጥር ምላሴ ታሰረ።»

ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁለት ዓመት፣ ሰፈሩ ሁሉ።

እናቴ ብዙ አለቀሰች። ፀሐይ ስትወጣ ግን ተነሥታ ገባች፣ ጋቢውን ከችካሉ አወረደችው። ገና እርጥብ ነው።

«ንቀሉት» አለች።

ሴቶቹ ከእሷ ጋር መሬት ተቀመጡ፣ ወንዶቹ ምሰሶውን አወጡ። ከወዲህ ሙሾ፣ ከወዲያ ጭቃ። በራሶ አፈር በነካው እጁ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፤ አባዬን አያውቀውም።

እሑድ

ነግሬያት ቢሆን ዛሬም አባት ነበረኝ። ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ይኸው ነው የሚመላለስብኝ።

ማክሰኞ

ትናንት ሠልስት ነበር። ጣሊያኑ መጣ፣ ግድግዳውን በእጁ ገፋ፣ አልነቃነቅ ሲለው ሄደ። ቤታችን አይፈርስም። ማንም ደስ አላለውም።

ጋሽ ሙዘይንና እትዬ ዘይነባ ሦስቱን ቀን ከደጅ ተቀመጡ። እናቴ ግቡ አላለችም፣ ሂዱም አላለችም። በራሶ ማንም ሳያዝዘው የአባዬን ችካል ከአሮጌው ምሰሶ ነቅሎ አዲሱ ላይ መትቶታል። ምንም አልተሰቀለበትም። ጋቢውን እናቴ ለብሳዋለች።

ለቀስተኛው ትናንት ማታ ተበተነ፤ እሳታችን ጠፍቶ አደረ። ዛሬ ጠዋት እናቴ ምድጃውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ አላንኳኳችም። ውጭ የበልጉ ዝናብ ጀምሯል።

ከወዲያ በኩል ሁለቴ ተንኳኳ። ጭቃው ገና ስላልደረቀ ድምፁ የታፈነ ነው። ቆይቶ እንደገና ሁለቴ።

ተነሣሁ። እናቴን አላየኋትም፤ ባያት እተወው ነበር። ሁለቴ መታሁ። ጭቃ እጄ ላይ ቀረ።

እትዬ ዘይነባ ፍሙን በገል ይዛ፣ ከዝናቡ በነጠላዋ ጋርዳ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። እናቴ ቀና አላለችም። ግን ጋቢውን ሰብሰብ አድርጋ ከመደቡ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።