ስልኬ ላይ ስለተከፈተው ክሊኒክዎ

ለተከበሩ አቶ ዘሥላሴ
የዓይን ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለዓይንዎ ደኅንነት እየተመኘሁ፣ የከበረ ሰላምታዬን በአደባባይ አቀርባለሁ። እኔ ጠባሴ ሰፈር ብርድ ልብስ በመሸጥ የምተዳደር ሰው ነኝ። ድረ ገጽዎ ላይ የቴሌግራም ቁልፍ ከተጨመረበት ከመስከረም ወዲህ ግን፣ ቁልፉን የሚጫን ሕመምተኛ ሁሉ የሚደርሰው እኔ ስልክ ላይ በመሆኑ፣ ሳልቀጠር የክሊኒክዎ መረጃ ክፍል ሆኛለሁ። ስለተሰጠኝ እምነት እያመሰገንኩ የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

1. ቁልፉን የሠራው ባለሙያ ስልክ ቁጥሩን የገለበጠው ከበርዎ ታፔላ ላይ እንደሆነ ዘበኛዎ አቶ ማኅደረማርያም ነግረውኛል። የመጨረሻው ቁጥር ስምንት ነበር፤ ቀለሙን ውርጭና ዝናብ በልተውት ሦስት መስሏል። ሦስቱ እኔ ነኝ። የዓይን ክሊኒክ ታፔላ መነበብ እንደማያስፈልገው ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

2. ቁልፉ ሲከፈት በክሊኒኩ ግቢ ያለው የመረጃ መስኮት ተዘግቷል። ስህተቱ እንዲታረም ሦስት ጊዜ በአካል ብመጣ፣ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሔራን ማንኛውም አቤቱታ በቁልፉ በኩል ብቻ እንደሚቀርብ በትሕትና አስረድተውኛል። እንደታዘዝኩት በባለቤቴ ስልክ አቀረብኩ። ወዲያው የእኔ ስልክ ጮኸ።

3. ጎረቤላ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወይዘሮ ወለተሐና የተባሉ ሰው፣ በወር አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሐኪም መቼ እንደሚገኙ ጠየቁኝ። ዓይናቸው የደከመው አባታቸው መሪጌታ ገብረአብ ናቸው። ለሁሉም እንደምጽፈው ክሊኒኩ እንዳልሆንኩ ጻፍኩላቸው። «ታዲያ ማንን ልጠይቅ?» አሉኝ። ሱቄን ዘግቼ በርዎ ላይ መጥቼ ዘበኛዎን ጠየቅኩ፤ ሐሙስ አሉ፤ ሐሙስ ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙ ረቡዕ መጥተው ረቡዕ ተመልሰዋል።

ይህን ሰምቼ ሐሙስ ጠዋት በርዎ ላይ ስመጣ፣ መሪጌታ የልጃቸውን ትከሻ ይዘው፣ በተዘጋው መስኮት ፊት ቆመው ደረስኩባቸው። ይቅርታ ስጠይቃቸው ድምፄን ተከትለው ዞሩና፣ የክሊኒኩ ሠራተኛ መስዬያቸው፣ ሥራዬን እግዚአብሔር እንዲባርክልኝ መረቁኝ። ምርቃቱ የእርስዎ ስለሆነ በዚህ ደብዳቤ አስረክቤያለሁ።

4. ቁልፉ አጠገብ የተጻፈው «እንዴት እንርዳዎት?» የሚለው ቃል ያምራል።

ቁጥሬ ይነሳልኝ ማለቱን ትቻለሁ። በዚህ ወር ሐኪሙ የሚመጡበትን ቀን ብቻ፣ ለመረጃ ክፍልዎ ሠራተኛ ለእኔ፣ እንዲያሳውቁኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

የማይነበብ ታፔላዎን አክባሪ፣ ደመወዝ ጠይቆ የማያስቸግርዎ ባልደረባዎ፣
ደምሴ ወልደአረጋይ

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ወለተሐና ዛሬ ጠዋት እንደገና ጽፈዋል። «የዚህ ወር ቀን መቼ ነው? አባባ ግራ ዓይኑም ደከመ» ይላል። ማንበቤን ስልካቸው ያሳያቸዋል። ክሊኒኩ አይቶ ዝም እንዳለ ያውቃሉ ማለት ነው፤ በዚህስ ቁልፉ ስለ ክሊኒክዎ አልዋሸም።