ሾፌር ለሌለው መኪና የዓይን ምርመራ

ለተከበሩ የከተማችን የትራንስፖርት ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ደጅ ቆሞ «ነገ ይምጡ» እያለ የሚመልሰን ዘበኛም ጭምር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ። ዓይኔም ቢሆን ከአራት ዓመቴ ጀምሮ እንደዚሁ ስለሆነ አዲስ ነገር የለውም፤ አዲስ የሆነው ቢሮዎ ይህንኑ በማስረጃ እንዳረጋግጥለት መጠየቁ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ በባንክ የስልክ ማዞሪያ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ባለፈው ዓመት ያለ ሾፌር የሚሄዱት መኪኖች ሲመረቁ የክብር እንግዳ ተብዬ የተጠራሁ ሰው ነኝ። ያን ዕለት እርስዎ በድምፅ ማጉያ፣ ይህ መኪና ከሁሉ በላይ ለማያዩ ወገኖቻችን የመጣ ነው ብለው ሲናገሩ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ፎቶ አንሺው ከመሪው ኋላ አስቀምጦ እጄን መሪው ላይ እንዳደርግ ሲለምነኝ፣ እርስዎም እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ፈገግ እንዳሉ ሰዎች ነግረውኛል። ፎቶው ዛሬ በትልቁ ታትሞ በቢሮዎ መግቢያ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለም ሰምቻለሁ። አምሮብሃል ይሉኛል፤ እኔም ሰው አምናለሁ።

አሁን ለመጻፍ ያነሳሳኝ የባለቤቴ ነገር ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ባለ ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከተኛች ሁለት ወር አልፏታል። የጠያቂ ሰዓት በቀን አንዴ ብቻ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ጎረቤቶቼ ተራ ገብተው ይወስዱኝ ነበር፤ ነገር ግን እነርሱም ሥራ አላቸው፣ እኔም በየቀኑ የሰው ፊት መጠበቅ ሆዴን በላው። በዚህ መሃል ያ ንግግርዎ ትዝ አለኝና ወደ ቢሮዎ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የተደረገልኝን ውለታ በቁጥር ላስቀምጥልዎ።

1ኛ. መስኮት ቁጥር አራት ላይ ያለችው ሠራተኛ፣ በመኪናው ለመሳፈር ከመሪው ኋላ የሚቀመጠው ሰው መንጃ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ለመንጃ ፈቃድ ደግሞ የዓይን ምርመራ ግዴታ እንደሆነ በትሕትና አስረዳችኝ። መኪናው ራሱ የሚሄድ ከሆነ የእኔ ማየት ምን ይረባዋል ብዬ ለመጠየቅ ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን መመሪያ መመሪያ ነው ብዬ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለው ፊደል ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ እኔም ግድግዳው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅሁት፣ በዚሁ ተግባብተን ተለያየን። ሾፌር የማያስፈልገውን መኪና ለመንዳት ብቁ አለመሆኔን የሚገልጸው ባለማህተም ወረቀት ዛሬም ከጋብቻ ሠርተፊኬታችን ጋር በክብር ተቀምጧል። ለዚህ ቢሮዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ቢሮዎ ግን ጨክኖ አልተወኝም፤ መንጃ ፈቃድ ያለው አጃቢ መደበልኝ። አጃቢዬ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ፣ መኪኖቹ ሲመጡ እንጀራውን ያጣ፣ ቢሮዎም መሪ እንዳይነካ በደመወዝ የቀጠረው ሰው ነው። መኪናው ወደ መታጠፊያ በተጠጋ ቁጥር እግሩ የሌለ ፍሬን ፍለጋ ምንጣፉን ሲረግጥ ስለምሰማ «ጋሼ ፍሬን» ብዬዋለሁ፤ ስሙን ወዶታል። ችግሩ አጃቢዎች ጠዋት ጠዋት መሪ ያለመንካት ሥልጠና ስላለባቸው፣ የሚመደቡልን ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ የጠያቂ ሰዓት ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቼ፣ እጅግ ዘመናዊ በሆነ መኪና የተቆለፈ በር ላይ እየደረስኩ ተመልሻለሁ።

ተመልሻለሁ ስል ወዲያው አይደለም። ባለቤቴ አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነውና መምጣቴን ስታይ በቀለበቷ የመስኮቱን መስታወት ሦስት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለች፤ እኔም ከታች ሆኜ በምርኩዜ አስፋልቱን ሦስት ጊዜ እመታለሁ። የሁለት ሳምንት ጨዋታችን ይኸው ነበር። ክቡር ሆይ፣ በስልክ ማዞሪያ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድምፅ ሳገናኝ ኖሬ፣ የራሴን ሚስት በመስታወት ማንኳኳት ብቻ ማግኘቴ አንጀቴን አቃጥሎታል።

3ኛ. መኪኖቹ ድምፅ የላቸውም። ዓይን ያለው ሰው ጸጥታቸውን ያደንቃል፤ እኔ ግን መንገድ የምሻገረው በጆሮዬ ነው። ባለፈው ወር ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት መንገዱ ጭር ያለ መስሎኝ ስሻገር፣ ምርኩዜ አንድ ነገር ነካ፤ እጄን ብዘረጋ የመኪናዎ አፍንጫ ከሆዴ አንድ ስንዝር ርቆ ቆሟል። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የድሮ ሾፌር ቢሆን ወይ ይገጨኝ ነበር፣ ወይ ደግሞ ሰባት ዘሬን ጠርቶ ይሰድበኝ ነበር። መኪናዎ አልገጨኝም፣ አልሰደበኝም፣ ፍሬኑም አልዘገየም። ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ሞቴ ስንዝር ያህል ርቆ መቆሙን የማውቀው በእጄ ዳብሼ ከሆነ፣ አንዲት ትንሽ ጥሩምባ ብትገጠምለት ለቢሮዎ ውርደት አይመስለኝም።

4ኛ. ወደ ጥፋቴ ልምጣ። መኪናው የመሪው ወንበር ላይ ሰው ካልተቀመጠ አይነሳም። ጋሼ ፍሬን ደግሞ ወገቡን ስለሚያመው ከኋላ መጋደም ይወዳልና፣ ወንበሩ ክብደት እንዲያገኝ ብሎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔን ከመሪው ኋላ ያስቀምጠኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሥልጠናው ተሰረዘና ከቀትር በፊት መጣልኝ። መንገድ ላይ ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወረደ። በሩ ሲዘጋ መኪናው የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የተሳፈረ መሰለው መሰል፣ ቀስ ብሎ ተነሳ። የጋሼ ፍሬን ጩኸት ከኋላዬ እየራቀ ሄደ።

መፍራት ነበረብኝ። ለጥቂት ጊዜም ፈርቻለሁ። ከዚያ ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ በጣም ደስ አለኝ። በስድሳ አራት ዓመት ዕድሜዬ ማንም ሳይጎትተኝ፣ ማንም ሳያዝንልኝ፣ «አይዞህ ደርሰናል» ሳልባል ወደ ሚስቴ የሄድኩበት የመጀመሪያው መንገድ ነበር። መስኮቱን ከፍቼ ነፋሱ ፊቴን እንዲመታኝ አደረግሁ። አሥራ አራት ደቂቃ ነዳሁ ብል ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሥራ አራት ደቂቃ ተቀመጥኩ።

መኪናው መድረሴን በሚያምር የሴት ድምፅ አበሰረልኝ። ያላበሰረችልኝ ከሆስፒታሉ በር ፊት ያለውን ቦይ ነው፤ ጋሼ ፍሬን ሁልጊዜ ክንዴን ይዞ የሚያሻግረኝ እርሱን ኖሯል። እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ከዚያ ስወጣ በር ላይ የነበረው ትራፊክ ፖሊስ፣ ነጭ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ብቻውን ከመሪው ወንበር ወርዶ ቦይ ሲገባ በማየቱ ደብተሩን ሲገልጥ ሰማሁት። ብዙም ጻፈ።

ቢጽፍም ገባሁ። ከስድስት ሰዓት ከአሥር ጀምሮ ሰባት ሰዓት እስኪሞላ የባለቤቴን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ። ማን እንዳመጣኝ ጠየቀችኝና ማንም እንዳላመጣኝ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ሱሪዬን ስታይ ግን ዳሌዋ እስኪያማት ሳቀች፤ ከተሰበረች ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

ለዚህ ጥፋት ከቢሮዎ የደረሰኝ መጥሪያ ያለ መንጃ ፈቃድ በማሽከርከር ይከሰኛል፤ የሚወረሰውን መንጃ ፈቃዴንም ይዤ እንድቀርብ ያዝዛል። እንግዲህ እንድትወርሱት መጀመሪያ ብትሰጡኝ ትብብሬ የተሟላ ይሆን ነበር። ከመሪው ኋላ መቀመጤን የሚመሰክር ቢጠፋ ደግሞ ክሴን የሚያየው ኮሚቴ ብዙ አይድከም፤ በመግቢያው ግድግዳ ላይ እጄን መሪው ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ፣ ግብረ አበሬም እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሏል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በቀትር፣ ያለ አጃቢ፣ ሚስቴ ዘንድ የምሄድበት ፈቃድ ይሰጠኝ። በዚሁ ጉዳይ ከሥራ የታገደው ጋሼ ፍሬን ደግሞ ይመለስ፤ መሪው ጋ ሳይሆን ቦዩ ጋ ይቁምልን። መኪናው መንገዱን ከእርሱ በላይ ያውቃል፤ ሰው ክንድ እንደሚያስፈልገው ግን እስካሁን አልገባውም። የነገረውም ያለ አይመስለኝም።

ጊዜዎን ስለሰዉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለማያዩ ወገኖችዎ ያለዎት አሳቢነት እንዳይጎድልብን፣ ሥልጣንዎም እንደ መኪኖችዎ ያለ ድምፅ ረጅም መንገድ እንዲሄድ እየተመኘሁ፣

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
የግድግዳዎ ጌጥ፣ የመዝገብዎ ተከሳሽ፣
የቀድሞ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ መጥሪያው የተጻፈው በጣም ደቃቅ በሆኑ ፊደላት ስለሆነ ዓይን ያላቸው ሦስት ጎረቤቶቼ ተጋግዘው አነበቡልኝ። ቀጠሮዬ ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው አሉኝ። በዚያ ሰዓት፣ በእግሬም ቢሆን፣ ባለቤቴ ዘንድ ስለምሆን መቅረብ አልችልም። ኮሚቴው ያለ እኔ ይጀምር፤ ሰው የሌለበትን ነገር ማንቀሳቀስ ቢሮዎ ያውቅበታል።