የሙሽሪት እናት ልብስ

ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? የሴኡል ብርድ ሳይጠና ጉልበትሽን ጠቅልዪው። ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ ሰነፍ ድመትሽም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኛ ደህና ነን። የደረቅ ዓሣ ሱቃችን እንደነገሩ ይሄዳል። ትልቋ ልጄ ቦራም ለሠርጓ ሽር ጉድ ትላለች፤ ትንሿ ሱልቢ ደግሞ ፈተና ደርሶባት ከደብተሯ ቀና አትልም።

«ደህና ነን» ያልኩት ለወጉ ነው። ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ይባላል። አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

እትዬ፣ እቀናብሻለሁ። ድሮም እቀናብሽ ነበር። ዓሣ ሲካፈል ሆዱ ላንቺ፣ ጅራቱ ለእኔ። ጫማ ሲገዛ አዲሱ ላንቺ፣ ሲያረጅ ለእኔ። እስካገባ ድረስ ያንቺን ልባሽ ስለብስ ኖርኩ፤ ስነጫነጭ እማዬ «ምን ሆነና! ገና አላለቀም እኮ» ትለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ትቼው ነበር። አሁን በበሽታም ስትበልጪኝ አገረሸብኝ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የእኛ ግን በዚህ እንኳ አንድ ሆነ፤ ሁለታችንም የማህፀን ካንሰር ያዘን። ያንቺ ገና ከማህፀን ሳይወጣ ተደረሰበት። አወጡልሽና ሐኪሙ ፊት ለፊትሽ ቁጭ ብሎ፣ እንዳንቺ በጊዜ ከተደረሰላቸው ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ ከአምስት ዓመት በላይ ይኖራሉ አለሽ። ደውለሽ «ዘጠኝ! ዘጠኝ!» እያልሽ ስትጮኺ እኔም ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። ዛሬ ያቺን ዘጠኝ ባስታወስኩ ቁጥር ጥርሴን አፋጫለሁ።

ለእኔ ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። ሐኪሟ የቦራምን አባት ወደ ኮሪደሩ ጠርታ አነጋገረችው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ «ያንቺም ዘጠኝ ነው፣ ልክ እንደ እህትሽ» አለኝ። በትዳራችን ዘመን አንድ ብርጭቆ ውኃ አቀብሎኝ የማያውቅ ሰው ፖም እየላጠ ያጎርሰኝ ጀመር። አንቺም በስልክ «እኔን እይኝ፣ ድኜ የለም እንዴ?» ትይኛለሽ። አመንኳችሁ። ሰው የሚወደውን ለማመን መች ይቸገራል?

ከዚያ የልብሱ ነገር መጣ። የቦራም ሠርግ በሚያዝያ፣ የቼሪው አበባ ሲፈነዳ ነው። የሙሽራው እናት ሰማያዊ፣ የሙሽሪት እናት ሮዝ የአገር ልብስ ሀንቦክ ለብሰው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገብተው ሻማ የሚለኩሱባትን ያቺን ደቂቃ ቦራም ከተወለደች ጀምሮ ስጠብቃት ኖሬአለሁ። የሙሽራው እናት ልብሷን ካሰፋች ቆየች። እኔ «ልለካ» ባልኩ ቁጥር ግን የቦራም አባት «ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ ሥጋሽ ይመለስ። አሁን ተለክተሽ ኋላ ሊጠብሽ ነው?» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት መድኃኒቱ ፋታ ሲሰጠኝ፣ ሳልነግረው ሰፊዋ ማልሱን ዘንድ ሄድኩ።

ማልሱንን ታውቂያታለሽ፣ አፏ ክዳን የለውም። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ውይ አንቺ፣ እንጨት አክለሽ የለም እንዴ! ደግሞ የምን ሮዝ ነው? የእህትሽ ሮዝ ተሰፍቶ ሊያልቅ ነው እኮ። ለአንዲት ሙሽሪት ሁለት ሮዝ ለባሽ የት አገር ታየ? ሻማውን ልትሻሙ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና መርፌዋን መፈለግ ጀመረች። መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነበር።

ለመኸሩ የጨረቃ በዓል መጥተሽ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ያልሽው ለዚህ ኖሯል።

የተሰማኝ ፍርሃት እንዳይመስልሽ። ቅናት ነው፤ አንጀቴን አቃጠለው። ዘጠኙም ያንቺ፣ ሻማውም ያንቺ? ልጄ ከባሏ ጋር ለወላጅ እጅ ስትነሳ በእኔ ወንበር ላይ አንቺ ልትቀመጪ? መንገድ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ሰደብኩሽ። ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ ሰምተውኛል።

በማግሥቱ ሆስፒታል ስንሄድ የቦራምን አባት ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ግዛልኝ ብዬ ላክሁትና ሐኪሟን ለብቻዋ ያዝኳት። ከአሥር ስንት እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ያንቺን ዘጠኝ እያወቅሁ የራሴን መስማት አልወደድኩም። «ልጄን የምድረው አበባ ሲፈነዳ ነው፤ ልጠብቅ?» ብቻ አልኳት። «እኔ ብሆን ብርዱ ሳይገባ፣ የኪምቺ ጎመን ሳይቀመም እድራት ነበር» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም።

ውሸታችሁ ያመጣውን አየሽ? ሠርጉን ብታቀርቡት እንዳልጠረጥር ፈራችሁ። እንዳልጠረጥር ስትሉ ከልጄ ሠርግ ልታስቀሩኝ ነው።

ስለዚህ የምልሽን አድርጊ። የቦራም አባት ማወቄን ከሰማ ይሰበራል፤ ተይው፣ ፖሙን ይላጥ። አንቺ ደውለሽ «ቀን ቆጣሪ ዘንድ ሄጄ ነበር፣ የሚያዝያው ቀን ለልጆቹ አይበጅም፣ ከብርዱ በፊት ያለው ይሻላል አለኝ» በይው። ከሐኪም ጋር ቢከራከር ከቀን ቆጣሪ ጋር አይከራከርም። መዋሸቱን እንደሆነ ለምደሽዋል።

ሮዙን ሀንቦክ ማልሱን ለእኔ ታጥብበው። ዛሬ ካንቺ ልብስ ውስጥ ሁለት እኔ ሳይወጣ አይቀርም። አደራ፣ ጨርቁን እንዳትቆርጠው፤ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ትስፋው። ሱልቢም ነገ ታድጋለች፣ ትዳራለች። ያን ጊዜ ስፌቱ ይፈታና ላንቺ ይሰፋል። በዕድሜሽ አንድ ጊዜ እንኳ አንቺ የእኔን ልባሽ ልበሺ። ሻማውን ስትለኩሺ እጅጌው ሰፊ ነውና እሳቱ እንዳይዝሽ ተጠንቀቂ።

ዕድሜሽን ያርዝመው እትዬ። እየቀናሁም ቢሆን ከልቤ ነው። ዘጠኟን አጥብቀሽ ያዣት።

ልባሽሽን ለብሳ ያደገችው
ታናሽ እህትሽ