አያቴን ከድንጋይዋ ለለየው የመቃብር ግቢ ውበት ኮሚቴ

ለክቡር ሚስተር ዴስሞንድ ፕራውት፣
የኔዘር ቻልኮም መንደር የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
እንግሊዝ።

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ ለጽጌረዳዎችዎና ከሁሉም በላይ ለሣርዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ዝናቡ መጠነኛ፣ ፀሐዩም ለስላሳ፣ ፍልፈሉም ከግቢው የራቀ ይሁንልዎ። እኔ በበኩሌ ደኅና ነኝ። ደኅና ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ባይኖርም፣ በደብዳቤ ላይ ልማድ ነውና ደኅና ነኝ።

ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ባለፈው ሰኔ ከኒውዚላንድ፣ ከደኒደን ከተማ የመጣሁት ባለ ሰማያዊ የዝናብ ልብሷ አሮጊት ነኝ። በቤተ ክርስቲያኑ በር አግኝተውኝ «ይህን ሁሉ መንገድ ለመቃብር? እንዴት ደስ ይላል» ካሉኝ በኋላ ሰዓትዎን ሲመለከቱ፣ ፊት ለፊትዎ ቆሜ የነበርኩት እኔ ነኝ። እናቴ ኢኒድ ሃስኬል የተወለደችው፣ ክርስትና የተነሳችውና እስከ ሃያ ዓመቷ ድረስ የእርስዎን ኮረብታ ስትወጣና ስትወርድ የኖረችው እዚያው ነው። ከዚያ አባቴን ተከትላ በመርከብ ወደ እኛ አገር መጣች። አያቴ ኬዝያ ስትሞት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበርና እናቴ ለቀብር መድረስ አልቻለችም። ወንድሟ ድንጋይ እንደቆመላት ጻፈላት፤ እሱም ወልዶ ሳይስም አለፈ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና እናቴ ጭቅጭቅ የምትወድ ሴት ነበረች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ በአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ መንደራችሁን በኮምፒውተር ካርታ ላይ ስናስስ፣ መንገዱን በጣቷ እየተከተለች «ይኸውልሽ ቤታችን! በሩን ማነው እንዲህ አመድ ያስመሰለው? ደውዪና ጠይቂልኝ» ትለኝ ነበር። አንድ ነገር ላይ ግን ተጨቃጭቃ አታውቅም፤ ረጋ ብላ ነው የነገረችኝ። «ቬርና፣ እኔ እናቴን አልቀበርኳትም። ከጎኗ አድርጊኝ። ሌላ ቦታ ብትወስጂኝ መጣል ነው እንጂ መቀበር አይደለም።» በእኛ ዘንድ እንደተለመደው አስከሬኗ ተቃጠለ፤ አመዷን በትንሽ የእንጨት ሳጥን አድርጌ፣ በአውሮፕላኑ ላይ ጭኔ ላይ ይዣት መጣሁ። እህት ወንድም የለኝም፣ ባሌ ሞቷል፣ ልጅ አልወለድንም። አደራውን ብበላ የሚወቅሰኝ ሰው አልነበረም፤ ይህ ነው የከበደኝ።

እንግዲህ ቅሬታ ለማለት አልደፍርም። በአገርዎ ቅሬታ ነውር መሆኑን ስለተማርኩ፣ ምስጋናዬን ብቻ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የአያቴን ቤት በእንክብካቤ ስላቆያችሁልኝ አመሰግናለሁ። የለንደን ሰዎች የሚዝናኑበት የኪራይ ቤት ሆኖ ስላገኘሁት እኔም እንደማንኛውም ባዕድ ተከራየሁት። በሩ ላይ «የእረኛው ዕረፍት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ወንድ አያቴ ቦይ ቆፋሪ ነበር፤ በግ አልነበረውም፣ ዕረፍትም አላየም። እነ እናቴ ተደራርበው ያደሩበት ክፍል ዛሬ የትራስ መጋዘን ነው፤ ትራሶቹን ከአልጋው ላይ አንስቼ እስክጨርስ ድረስ እንቅልፌ ጥሎኝ ሄደ። ሳጥኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ «እማዬ፣ ገባን» አልኳት። ቤቱ ውስጥ ከእኛ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር ካልኩ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

፪ኛ. ስለ እንግዳ ተቀባይነታችሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ ክብርት ሚስስ ፊሊፓ ደኒንግ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «አንድ ቀን ለሻይ ብቅ ማለት አለብዎት፤ እምቢ ማለት አይቻልም» አሉኝ። እኛ ዘንድ ና የተባለ ሰው ይመጣል። በማግስቱ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ኬክ ጋግሬ ሄድኩ። ክብርት ወይዘሮዋ የአጥር መቁረጫቸውን እንደያዙ በሩን ከፍተው «ኦ... ዛሬ?» አሉ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ስለ ዝናቡ ተወያየን፤ ኬኩን ተቀበሉኝና ሸኙኝ። በመንደራችሁ ቀን ያልተቆረጠለት ሻይ ሰላምታ እንጂ ግብዣ እንዳልሆነ ሳትነግረኝ የሞተችው እናቴ ናትና፣ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ብቻ ከመጣሁ ጀምሮ ከሰው ጋር የምቀመጥበት የመጀመሪያው ቀን ይሆናል ብዬ ነበር።

፫ኛ. ስለ መቃብሩ ግን ምስጋናዬን በአጭሩ መጨረስ አልችልምና ይታገሡኝ። ግቢውን ሳይ አፌን ያዝኩ፤ ሣሩ ምንጣፍ ነው፣ አንድም ጉብታ አይታይበትም። ድንጋዮቹ በሙሉ እንደተቀጡ ተማሪዎች ግንቡን ተደግፈው ተደርድረዋል። እየዳበስኩ ሄጄ ሄጄ፣ የታጨደው ሣር ከሚከመርበት ጥግ «ኬዝያ ሃስኬል» የሚለውን አገኘሁ። እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከድንጋዩ ላይ ሻጋታውን በመሐረቤ ጠርጌ፣ አያቴን ተዋወቅኋት። የኢኒድ ልጅ መሆኔን፣ ኢኒድም ዘገየች እንጂ እንዳልቀረች፣ ይኸው ጭኔ ላይ እንዳለች ነገርኳት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለማንም ያላወራሁትን ሁሉ አወራሁ፤ አለቀስኩም። ዘመድ አገኘሁ ብዬ ነበር፣ ክቡር ሆይ።

ያን ጊዜ ሚስስ ደኒንግ የአበባ ማጠጫቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ፣ የኔ ውድ፣ ግን እዚያ'ኮ ማንም የለም» አሉኝ። «ያመጣነው ድንጋዮቹን ብቻ ነው።» ሰዎቹስ ብዬ ስጠይቅ፣ «ሰዎቹማ እዚያው ናቸው፣ ምን ይሆናሉ» ብለው በማጠጫው አፍ ሣሩን በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር አሳዩኝ።

ለካስ ከብዙ ዓመት በፊት መንደራችሁ ለንጹሕ መንደር ውድድር ሲሰናዳ፣ ማጨጃው መኪና በድንጋዮቹ መካከል መጠማዘዝ ስላስቸገረው፣ ኮሚቴው ድንጋዮቹን ነቅሎ ግንቡን አስደግፏቸዋል። የቱ ከየት እንደተነሳ የጻፈ የለም፤ የሚያስታውስም የለም። ሙታን ሸክማቸው ስለቀለለላቸው ሳያመሰግኑ አይቀሩም። እኔ ግን «አፈር ይቅለላት» እንዳልል እንኳ የትኛው አፈር እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። በዚያ ዓመት በውድድሩ ሁለተኛ መውጣታችሁንም ነግረውኛል። ከልቤ አዝኛለሁ፤ ለሁለተኛ ደረጃ አያቴ ትበዛለች።

ቀጥሎ ላለው ቁጥር መስጠት አቃተኝ። እናቴን ከአያቴ ጎን ለማኖር ያቀረብኩትን ልመና ኮሚቴዎ በሦስተኛው ቀን ስለመረመረልኝ ባለውለታዬ ነው። ውሳኔውን እርስዎ ራስዎ፣ ባርኔጣዎን አውልቀው፣ በሩ ላይ ነገሩኝ፦ «አያትዎ የት እንዳሉ ስለማይታወቅ፣ ጎናቸው የት እንደሆነ መወሰን አልተቻለም። ደግሞም እናትዎ የአጥቢያችን ነዋሪ አይደሉም። ደንብ ባይሆን እኔ ምን ገዶኝ፣ ወይዘሮ ማክራይ፤ ለአንድ ሰው ከፈቀድን ነገ ሁሉም ይመጣል።» ክቡር ሆይ፣ ሁሉም ማን ነው? ከሃስኬል ዘር የቀረሁት እኔ ነኝ፤ መጥቻለሁ። ከዚያም አዘኑልኝና «ስማቸው የተቀረጸበት የመታሰቢያ አግዳሚ ወንበርስ? ወረፋው ረጅም ነው እንጂ በጣም ያምራል» አሉኝ። በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ወረፋ እንድይዝ ስለመከሩኝ፣ ለዕድሜዬ ላሳዩት ተስፋ አመሰግናለሁ።

በዚያ ምሽት ሳጥኑን ፊቴ አስቀምጬ ምን ላድርግሽ አልኳት። መልሼ ብወስዳት የት ላደርሳት ነው? እኔ የሞትኩ ዕለት ሁለታችንን የሚያነሳ ዘመድ የለም፤ ሳጥኑን ከመደርደሪያ ላይ የሚያገኘው ቤቱን ሊያጸዳ የሚመጣው ሰው ነው። እሱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ከፍቶ ያያል፣ ይጥለዋል። እናቴ «መጣል» ያለችው ይህን ነበር። ኮሚቴዎ ይህን በአጀንዳው ላይ እንዳልያዘ አውቃለሁ፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ልነግርዎ አፈርኩ። ባይተዋር ሰው ስለራሱ ማውራት ይረሳል።

በተረፈ ለተለገሰኝ ፈገግታ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ «ይቅርታ»፣ ለኬኩም መልካም አቀባበል፣ ከምድር ማዶ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። እግዚአብሔር ለእርስዎና ለክቡራን የኮሚቴው አባላት ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ቀናችሁ ሲደርስም በስማችሁ ሥር የምታርፉበት፣ ስማችሁም ከላያችሁ የማይነቀልበት፣ ማጨጃ የማይደርስበት አንድ ክንድ ቦታ ያድላችሁ እያልኩ፣

ከታላቅ አክብሮትና ከማይታወቅ መቃብር ወራሽነት ጋር፣

ቬርና ማክራይ
የኢኒድ ልጅ፣ የኬዝያ ልጅ ልጅ
ደኒደን፣ ኒውዚላንድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናንተ ሁላችሁ ለአበባ ትርዒት ወደ ጎረቤት መንደር የሄዳችሁበትን ቅዳሜ ያስታውሱታል። ያን ቀን ከአያቴ ቤት የሾርባ ማንኪያ ይዤ ግቢያችሁ ገብቼ ነበር። ጎኗ የት እንደሆነ መወሰን አልተቻለምና፣ ከግንቡ እስከ በሩ፣ ከደወሉ ማማ እስከ አጥሩ፣ በጉልበቴ እየዳህኩ ሣሩን በማንኪያ ፈንቅዬ፣ እናቴን ጥቂት ጥቂት አድርጌ በየቦታው ቀበርኳት፤ ሣሩንም እንደነበረው መልሼ ተጫንኩት። እስከ ማታ ፈጀብኝ፤ ሳጥኑን ባዶ አድርጌ ተመለስኩ። ከቦታዎቹ አንዱ የእናቷ ጎን መሆኑ አይቀርም። የትኛው እንደሆነ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እኔም እንደ እናንተ አላውቅም።